ፖታሺየም 7.1 ነበር፤ ኢንሱሊኑን ከሰጠሁ በኋላ ምን ማየት ነበረብኝ?

የማታ ተረኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሰራው በአንድ ጠቅላላ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ ነው። ነርስ ከሆንኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት ያጋጠመኝን ልንገራችሁና ጥያቄዬን ላስከትል። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

26 አልጋ፣ ሁለት ነርስ። ማታ ላይ የተኙ አንድ አባት ነበሩ፣ ስልሳዎቹን ያጋመሱ። ደም ግፊትና የልብ ድካም አለባቸው። ለእነሱም ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ይወስዳሉ። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ እየገዙ ሁለት ሳምንት ሙሉ ውጠዋል። ይህን የነገረችኝ ልጃቸው ናት። እሳቸውን "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ብዬ ስጠይቃቸው "የለም" ነበር ያሉኝ። የጉልበቱን ከመድኃኒት አልቆጠሩትም። ሽንታቸው ከቀነሰ ሦስት ቀን ሆኖታል።

ቫይታል ሳይን ልወስድ ስጠጋቸው ግን ስለ ሽንት አላነሱም። "ልጄ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ" አሉኝ። እኔም "አይዞዎት፣ ድካም ነው" ብዬ አለፍኩ። ይህች ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከላብራቶሪ ተደወለ። ፖታሺየም 7.1፣ የኩላሊትን ድካም የሚያሳየው ክሪያቲኒን 6.2። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው "ሳምፕሉ ሄሞላይዝድ ይሆናል" የሚል ነበር፣ ማለትም የደሙ ሴሎች ፈንድተው ቁጥሩ የውሸት ይሆናል። ከወር በፊት ሌላ በሽተኛ ላይ 6.8 ተብለን፣ ተሯሩጠን፣ ደግመን ስንቀዳ 4.6 ሆኖ አግኝተነዋል። ያ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ደግሜ ልቅዳ ብዬ ሲሪንጅ ሁሉ አንስቼ ነበር። ምን እንዳስቆመኝ አላውቅም፣ ብቻ ቀድሜ የልብ ምታቸውን ያዝኩ። 44።

ለተረኛው ሐኪም ደውዬ፣ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ማሽን፣ ኢሲጂውን፣ ከድንገተኛ ክፍል እየሮጥኩ አመጣሁት። ወረቀቱ ሲወጣ የእያንዳንዱ ምት መጨረሻ ሞገዶች፣ ቲ ዌቮቹ፣ እንደ ጎጆ ጣሪያ ሹል ብለው ቆመዋል። የምቱ መነሻ ሞገድ፣ ፒ ዌቭ የሚባለው፣ አይታይም። ዋናው ሞገድ፣ ኪውአርኤሱ፣ ሰፍቷል። ዶክተሩ አይቶት "ደግመሽ ቅጂ" አላለኝም። "ካልሲየም አምጪ" ነው ያለኝ። ካልሲየም ግሉኮኔት 10% 10 ሚሊ ሊትር ቀስ ብዬ በ5 ደቂቃ ውስጥ ሰጠሁ። ብዙም ለውጥ አልነበረም። ደገምነው። ከሁለተኛው በኋላ ኪውአርኤሱ ዓይኔ እያየ ጠበብ አለ። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ 8 ሰዓት ላይ ሬጉላር ኢንሱሊን 10 ዩኒት ከ40% ግሉኮስ ሦስት አምፑል ጋር፣ ሳልቡታሞልም በነቡላይዘር ሰጠን። ዶክተሩ ወደ ድንገተኛ ተጠራ። እኔም ትልቁ ነገር አለፈ ብዬ ወደ ሌሎቹ በሽተኞች ሄድኩ።

10 ሰዓት ላይ ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ መጣች። "ሲስተር፣ አባቴን ላብ አጠመቀው፣ ስጠራውም አይመልስልኝም" አለችኝ። ስኳራቸውን ስለካው 41 ወርዷል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ግሉኮስ ሰጠሁ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዓይናቸውን ገለጡ። ንጋት ላይ ፖታሺየሙ 6.0 ወርዶ፣ ጠዋት የኩላሊት እጥበት ወዳለበት ሆስፒታል ተላኩ።

ጠዋት ርክክብ ላይ "ስኳሩን በየስንት ሰዓቱ ለካሽ?" ተባልኩ። መልስ አልነበረኝም። ከፖታሺየሙ አድኛቸው በስኳር ልገድላቸው ነበር።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። የበዛው ፖታሺየም ሆኖ ሳለ ካልሲየም ለምን ይቀድማል? ከኢንሱሊን በኋላ እስከ መቼ ነው የምጠብቀው? "ሳምፕሉ ተበላሽቷል" ማለት የሚቻለውስ መቼ ነው?

የእጥበት ክፍሏ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ። ሲሪንጁን አስቀምጠሽ የልብ ምታቸውን መያዝሽ ነው ሰውየውን ያተረፋቸው። ያንን እንዳትረሺው።

እኔ ኩላሊት እጥበት ክፍል 11 ዓመት ሰርቻለሁ። ከዚያ በፊት እንዳንቺ ዋርድ ነበርኩ። የማውቀውን ልንገርሽ።

በሰውነታችን ካለው ፖታሺየም 98 በመቶ የሚሆነው ሴል ውስጥ ነው። ላብራቶሪ የሚለካልን ውጭ ያለችውን ትንሿን ነው። እሷ ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር መሆን አለባት። የልብ ጡንቻ ኤሌክትሪኩን የሚሰራው በውስጥና በውጭ ባለው ልዩነት ነው። ውጭ ያለው ሲበዛ ልብ ግራ ይጋባል። ካልሲየም ፖታሺየሙን ንክች አያደርገውም። አንዲት ነጥብ እንኳ አይቀንስም። የሚያደርገው ልብን መከላከል ነው። ለዚህ ነው የሚቀድመው። በ1 እስከ 3 ደቂቃ ይሰራል፣ ግን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ኢሲጂው ቢስተካከልም ማሽኑን መልሰሽ አትላኪ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልብ እንደገና ሊያብድ ይችላል፣ ያኔ ካልሲየሙ ይደገማል።

ኢንሱሊንና ሳልቡታሞል ደግሞ ውጭ የተሰበሰበውን ፖታሺየም ወደ ሴል ያስገቡታል። ከሰውነት ግን አላወጡትም። ቤት ገብቶ ተቀመጠ እንጂ አልሄደም። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ መውጣት ይጀምራል። ከሰውነት የሚያወጣው ሽንት፣ ሰገራና እጥበት ነው። ሽንት ካለ የሚያሸናው መድኃኒት፣ ፉሮሰማይድ፣ ይረዳል። ሽንት ከሌለ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የእጥበት ቦታ መፈለግ አለበት። እስኪነጋ አይጠበቅም።

ስኳሩን በተመለከተ፣ አንቺ ላይ የደረሰው ብዙዎቻችን ላይ ደርሷል። ኢንሱሊንን ከደም የሚያጠፋው በከፊል ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ይቆያል። የሰጠሽው ግሉኮስ 24 ግራም ገደማ ነው፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። ኢንሱሊኑ ግን አሁንም እየሰራ ነው። ስለዚህ ከመስጠትሽ በፊት ለኪ። ከሰጠሽ 30 ደቂቃ ላይ ለኪ። ከዚያ በየሰዓቱ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ለኪ። ስኳር በሽታ የሌለባቸው፣ ሰውነታቸው የቀጠነ፣ ሲጀመርም ስኳራቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ቶሎ ይወርድባቸዋል። እንደዚህ ያሉትን ካየሽ ዶክተሩን ጠይቂው። 5 ዩኒት ይበቃ እንደሆነ፣ ወይም ከኢንሱሊኑ በኋላ 10% ግሉኮስ በድሪፕ ይቀጥል እንደሆነ ይወስናል። መጠየቅ ያንቺ ሥራ ነው።

ሌላው ሲሪንጅ ነው። 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊ ሊትር ናት፣ ጠብታ ናት። በኢንሱሊን ሲሪንጅ ካልሆነ በቀር በሌላ እንዳትቀጂ። ጠርሙሱንም ተመልከቺ። በደም ስር የሚሰጠው ጥርት ያለው ሬጉላሩ ነው እንጂ የደፈረሰው አይደለም።

መስመሩ ደግሞ ያሳስበኛል። ዋርዳችን ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የማይወስድ በሽተኛ የለም ማለት ይቻላል። ካልሲየምና ሴፍትሪያክሶን በአንድ መስመር ሲገናኙ ይረጋሉ። ከቢካርቦኔትም ጋር እንደዚያው፣ ኖራ የመሰለ ነገር ይሆናል። በመካከል በኖርማል ሳላይን በደንብ እጠቢ፣ ከተቻለ ሌላ ካኑላ አድርጊ። ካልሲየም ከደም ስር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል። እጅ ጀርባ ላይ ባለች ቀጭን ካኑላ አትስጪው። እየሰጠሽ ካኑላው ያለበትን ቦታ እዪ፣ በሽተኛውንም "ያቃጥልዎታል?" በያቸው።

ሳልቡታሞሉ ስንት ነበር? ለአስም የምንሰጠው 2.5 ወይም 5 ሚሊግራም ነው። ለፖታሺየም ግን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ነው የሚታዘዘው። ብዙ ጊዜ በልምድ የአስሙን ሰጥተን "አልሰራም" እንላለን። የልብ ሕመም ያለበት ላይ ግን ልብ ስለሚያስሮጥ ሐኪሙ ያመዛዝን።

እና ያ "እግሬ አልታዘዝ አለኝ" ያሉሽ ነገር። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚታጠቡት። የገንዘብ ነገር ነው። ሰኞና ሐሙስ የሚታጠብ ሰው ከሐሙስ እስከ ሰኞ አራት ቀን ይጠብቃል። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆሜ የማየው አረማመዳቸውን ነው። ደረጃውን ግድግዳ ይዞ የወጣ፣ እግሩን የሚጎትት ካለ፣ ካርዱን ሳልጠይቅ ኢሲጂ ላይ ነው የማስተኛው። ዓቢይ ፆም ላይ ይብሳል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንቹ፣ የቲማቲም ስልሱ ይደራረባል፣ ከዚያ ላይ አቮካዶ ጁስ። ሁሉም ፖታሺየም ያላቸው ናቸው። አንድ እናት ነበሩኝ፣ ሥጋና ወተት ትተው "ቀለል ያለ ነው የምበላው" ብለው ያመኑ። ቀለል ያለው ድንች ነበር፣ በየቀኑ። ድንቹን ልጠው በስሱ ከትፈው፣ በብዙ ውሃ ቀቅለው፣ ውሃውን እንዲደፉት አሳየኋቸው። ሩዝና ማካሮኒውንም አስገባንላቸው። ሆድ ድርቀትም እንዳይረሳ፣ ኩላሊት ሲደክም ሰገራም የፖታሺየም መውጫ ነውና።

ላብራቶሪ ልጅ፦

ሰላም ሲስተሮች። በእኛ በኩል ያለውን ልጨምር። ሲደወልላችሁ "ሄሞላይዝድ ነው እንዴ?" ብላችሁ ጠይቁን። ደሙን በማሽን አሽከርክረን (ሴንትሪፊዩጅ) ከለየነው በኋላ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ፣ ሴረሙ፣ ቀላ ካለ እናየዋለን፣ እንነግራችኋለን። ቀይ የደም ሴል ሲፈነዳ ውስጡ ያለው ፖታሺየም ስለሚፈስ ነው ቁጥሩ የሚወጣው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሴረሙ ጥርት ብሎም ውጤቱ የውሸት ሊሆን ይችላል። ደም ሲቀዳ ክንድ ላይ የሚታሰረው ቶርኒኬት ረጅም ጊዜ ከታሰረ፣ በሽተኛው እጁን እየጨበጠ እየዘረጋ ከቆየ፣ ፖታሺየም ከጡንቻው ይወጣል። ማታ የተቀዳ ሳምፕል "ይነጋል" ተብሎ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድርም እንደዚሁ። ቅዝቃዜ ላይ ሴሉ ፖታሺየሙን መያዝ አይችልም፣ ቀስ እያለ ያፈሳል። ሴረሙ ቀላ ሳይል ቁጥሩ ይወጣል።

ከሁሉም የማዝነው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ደሙ ሲያንስ ከሐምራዊው ወደ ሌላው ቱቦ የሚገለብጡ አሉ። እባካችሁ ተዉት። በሐምራዊው ቱቦ ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነገር የፖታሺየም ጨው ነው። ትንሽ ከገባች ፖታሺየሙ ሰማይ ይነካል፣ ካልሲየሙ ደግሞ ተሟጦ ይወርዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳይ ቶሎ ነው የምጠረጥረው። የኬሚስትሪውን ቱቦ አስቀድማችሁ ሙሉ፣ ሐምራዊውን አስከትሉ። በሲሪንጅ የቀዳችሁትን ደም በቀጭን መርፌ ገፍታችሁ ቱቦ ውስጥ አታስገቡ።

ድሪፕ ከተተከለበት ቦታ በላይም አትቅዱ። በተለይ ፖታሺየም ያለበት ድሪፕ ከሆነ።

የእጥበት ክፍሏ፦

ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን ደግሞ መቅዳትና መጠበቅ ለየብቻ ነው። ኩላሊቱ የደከመ፣ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ፣ ልቡ 44 የሚመታ ሰው ላይ "ውሸት ይሆናል" ብዬ አልጠብቅም። ኢሲጂ አነሳለሁ፣ ሐኪም እጠራለሁ፣ ደሙንም በዚያው እደግማለሁ። ድጋሚው እስኪመጣ ሕክምናው አይቆምም። ወጣት፣ ጤነኛ ኩላሊት ያለው፣ ኢሲጂው ንጹሕ የሆነ ሰው ላይ ግን ቀድሞ መድገም ያስኬዳል።

አዲስ ተመራቂ፦

ይቅርታ፣ እኔም ልጠይቅ። እኛ ጋ ኢሲጂ ማሽኑ ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖታል። ኢሲጂ ከሌለ በምን እናውቃለን?

የእጥበት ክፍሏ፦

እህቴ፣ ኢሲጂው ንጹሕ ሆኖም ፖታሺየሙ ከፍተኛ የሆነ ሰው አይቻለሁ። ስለዚህ ኢሲጂ ሲያሳይሽ ታምኚዋለሽ እንጂ ዝም ሲል "ሰላም ነው" አትዪም። 6.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነና ምክንያት ካለው፣ ማሽን የለም ተብሎ አይተኛም። የልብ ምቱን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ፣ ዝግታውንና መቆራረጡን ለሐኪሙ ንገሪ። መድኃኒቱንም አገላብጪ። ኢናላፕሪል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን። ኤችአይቪ ያለባቸው ላይ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞልም ፖታሺየምን ከፍ ያደርጋል፣ ብዙ ሰው አያስበውም። ማሽኑ እንዲሰራ ደግሞ በጽሑፍ ጠይቁ።

ከሜሪላንድ፦

ሰላም እህቶቼ። እዚህ የጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ነው የምሰራው። አገር ቤት ስድስት ዓመት ዋርድ ሰርቼ ነው የመጣሁት።

እዚህ ሞኒተሩ ከበሽተኛው አይለይም። ከኢንሱሊን በኋላ ስኳር መለኪያው ሰዓት ከትእዛዙ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው፣ ነርሷ ማስታወስ አይጠበቅባትም። የማታ ተረኛዋ ላይ የደረሰው የሰው ስንፍና አይደለም። ሁለት ነርስ ለ26 ሰው ሲሆን፣ ያልተጻፈ ነገር ይረሳል። ሶዲየም ዚርኮኒየም ሳይክሎሲሊኬት የሚባል በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄትም አለን፣ ፖታሺየሙን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ግን ልብ ሲታወክ የካልሲየምን ቦታ አይተካም።

እኔ ልናገር የፈለግኩት ሌላ ነው። ስለ ፖታሺየም ክሎራይድ አምፑል። አገር ቤት እያለሁ መድኃኒት መደርደሪያችን ላይ ከመድኃኒት መበጥበጫ ውሃው አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ሁለቱም ጥርት ያሉ፣ ሁለቱም 10 ሚሊ ሊትር። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በስልኬ ብርሃን አንቲባዮቲክ ልበጠብጥ አምፑል ሰበርኩ። ልቀዳ ስል ጽሑፉን ዞር አድርጌ አነበብኩት። ፖታሺየም ክሎራይድ 15%። ያች አምፑል 20 ሚሊሞል ይዛለች። በሲሪንጅ ብትገፋ ልብ ታቆማለች፣ ኢሲጂ ለማንሳት እንኳ ጊዜ አይኖርም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በነጋታው ከኃላፊያችን ጋር ሆነን ለብቻው ሳጥን አደረግንለት፣ ቀይ ፕላስተር ለጠፍንበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳሰበው ይህንኑ ነው፣ የተከማቸ ፖታሺየም ከዋርድ መደርደሪያ ይውጣ ብሎ። ማውጣት ካልቻላችሁ ለዩት። ሁልጊዜ ተበጥብጦ፣ በድሪፕ፣ በዝግታ ነው የሚሰጠው። ሞኒተር በሌለበት ዋርድ በሰዓት ከ10 ሚሊሞል አይለፍ።

የማታ ተረኛ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እያነበብኩ ሁለት ጊዜ እንባዬ መጣ።

ሳልቡታሞሉን ቻርቱ ላይ አየሁት። 5 ሚሊግራም ነበር የሰጠነው። የአስሙን ነው የሰጠነው። መስመሩም አንድ ነበር። ሴፍትሪያክሶኑ የሚሰጠው 12 ሰዓት ላይ በመሆኑ ነው የተረፍነው።

አባታችን ሁለት ጊዜ ታጥበው ሽንታቸው ተመለሰ። ኢናላፕሪሉና ስፓይሮኖላክቶኑ ቆሞላቸዋል፣ የልብ ሐኪም እስኪያያቸው። ልጃቸው ትናንት ካርድ ልታወጣ መጥታ አገኘችኝ። ፖታሺየሙ 4.8 ነው አለችኝ። ቁጥሩን በቃሏ ይዛዋለች። "ምን እንዳይገዛ ልከልክለው?" አለችኝ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ብዬ በትልልቁ ጽፌ ሰጠኋት፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያም እንዲያነበው። ጨው ተክታ ሌላ "ለግፊት ጥሩ ነው" የሚባል ጨው እንዳትገዛም ነገርኳት። ብዙዎቹ ከፖታሺየም የሚሰሩ ናቸውና።

ከትናንት ወዲያ ማታ ደግሞ ሌላ ገባልን። የኩላሊት በሽተኛ፣ ፖታሺየሙ 6.7፣ ሳምፕሉ ሄሞላይዝድ አይደለም ተባልን። ካልሲየሙን በአንዱ ካኑላ፣ ሌላውን በሌላው አደረግኩ። ኢንሱሊን 8 ሰዓት ላይ ሰጠሁ። ሳልሰጥ በፊት ቻርቱ ላይ ሰዓቶቹን በቀይ እስክሪብቶ ደረደርኳቸው። 8፡30፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12፣ 1፣ 2። ለአስታማሚው ወንድሙም አሳየሁት፣ "ሰዓቱ ሲደርስ ካልመጣሁ ጥራኝ" ብዬ። 10 ሰዓት ላይ ስኳሩ 64 ነበር። ላብም አልነበረው፣ ያወራኝ ነበር። ግሉኮስ ሰጠሁት፣ ዶክተሯም 10% ድሪፕ አስጀመረችለት። የ1 እና የ2 ሰዓቱን ለቀን ተረኛዋ አልጋው አጠገብ ወስጄ አስረክቤያት ወጣሁ።